የባሕር ማዶ ክረምት፣ የአዲስ አበባ በጋ፤ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉብኝት ከመሪ ጋር ወይስ ያለ መሪ?

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ክረምት በኢትዮጵያ በጋ ነው። ይህ ነገር ለሁሉ የታወቀ ቢመስልም በንግድ ቤቶች የደብዳቤ ልውውጥ ውስጥ ሳይቀር ስሕተት ሲያስከትል ይታያል። አንድ የሐምቡርግ ወይም የለንደን ደንበኛ «በክረምት እመጣለሁ» ብሎ ሲጽፍ የሚያስበው ታኅሣሥን፣ ጥርንና የካቲትን ነው። ደብዳቤውን ቃል በቃል የሚተረጕመው ጸሐፊ ግን በባሕረ ሐሳቡ ሥርዐት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን የዝናብ ወራት ያስባል። እንግዳው ደርሶ በአውሮፕላን ማረፊያው ሲገኝ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ይሆናል፤ መኪናው በጥድፊያ ይፈለጋል፣ የሚታየው ቦታ በጥድፊያ ይመረጣል፣ ዋጋውም በጥድፊያ ይነገራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ በጥድፊያ የተደረገው ሁሉ ኋላ ተመልሶ ማረሚያ ይፈልጋል።

ወራቱ ለንግዱ ዓለም የሥራ ወራት መሆኑ የታወቀ ነው። የቡና ለቀማ በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይካሄዳል፤ ገዢዎችም አዲሱን ምርት ቀምሰው ለመዋዋል የሚመጡት በዚሁ ጊዜና ይህንኑ ተከትሎ ነው። በየካቲት ወር የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በአዲስ አበባ ይደረጋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለፈረንጆች ገና ሲዘጋ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አገር ይገባሉ። በቦሌ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚያልፈውና አውሮፕላን ለመለወጥ ረዥም ሰዓት የሚጠብቀው መንገደኛም ቍጥሩ ቀላል አይደለም። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ ይኸውም ለጉብኝት የሚተርፋቸው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ላሊበላን፣ አክሱምንና ጎንደርን ለማየት ቀናት ያስፈልጋሉ። አንድ ቀን ያለው ሰው ግን ጧት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ማታ የሚመለስበትን ቦታ መፈለጉ የማይቀር ነው።

ይህች አንዲት ቀን በአስመጪውም፣ በላኪውም፣ በባለ ሱቁም ዘንድ እንደ ትንሽ ነገር ትቈጠራለች። ነገር ግን ጕዳዩ በጥሞና ሲታይ ትንሽ አይደለም። ደንበኛው ሳምንቱን ሙሉ ያየው ቢሮ፣ መጋዘንና የሆቴል አዳራሽ ነው፤ እነዚህም በየአገሩ ይመሳሰላሉ። አገሩንና የአገሩን ሰው የሚያውቅበት ቀን ይህቺው የእረፍት ቀን ናት። በዚህች ቀን ሰዓት ተከብሮለት፣ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮት፣ ያየው ነገር በቅጡ ተገልጾለት ከተመለሰ፣ ከአስተናጋጁ ጋር የሚዋዋለውን ውል በሌላ ዐይን ያየዋል። ግማሹን ቀን በከተማ መጨናነቅ፣ ግማሹን ደግሞ ሳይፈልግ በተወሰደበት የዕቃ መሸጫ ቤት ካሳለፈ፣ «ቡናውንስ በዚሁ ዐይነት ይሆን የሚልኩልኝ?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ብርሃን፣ ብርድና የዘመን አቈጣጠር

ማናቸውም የአንድ ቀን ጉዞ የሚለካው በብርሃኑ ነው። በለንደን በታኅሣሥ አጋማሽ የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የዚያ አገር ሰው በክረምት ከከተማ ርቆ ሲወጣ ከምሳ በኋላ የመመለሻውን ነገር ማሰብ ይጀምራል። በአዲስ አበባ በዚያው ጊዜ ፀሐይ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች፤ ይህም 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ገደሉና ተራራው ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ፣ ለመንገድ የሚመረጥ ወራት ነው። ይህ ትርፍ ሰዓት ለኢትዮጵያ የተሰጠ ሀብት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንም ሀብቱ ጧት ለሚነሣ ሰው ብቻ ነው፤ ከጧቱ 3 ሰዓት የሚነሣ መንገደኛ የቀኑን የመጀመሪያ ሰዓቶች በከተማው መኪና መካከል ቆሞ ያባክናቸዋል።

የሰዓቱ አነጋገር ራሱ ወጥመድ አለበት። «ከጧቱ 1 ሰዓት» የተባለው እንግዳ በሌሊት ተነሥቶ በሆቴሉ በር ሊቆም ይችላል፤ «በ7 ሰዓት» ብሎ የጻፈው እንግዳ ደግሞ ሹፌሩ ለምሳ ሰዓት ሊመጣለት ይችላል። በሁለቱም አቈጣጠር ጽፎ መስጠት የአንድ መስመር ሥራ ሲሆን፣ ባለመጻፉ ግን ስንት ቀን እንደ ተበላሸ የሆቴል ዘበኞች ያውቃሉ።

ስለ ብርዱም እንግዳውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባል። «አፍሪካ» ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታሰበው ሰው በሸሚዝ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ በበጋው ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ በከፍተኞቹ ቦታዎችም ውርጭ ይጥላል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ ሹራብና ባርኔጣ በአንድነት መያዝ አለባቸው። ከፍታውን ያልለመደ ሰው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረውም መዘንጋት አይገባም፤ በደረሰ በማግሥቱ ተራራ ማስወጣት እንግዳን ማክበር አይደለም።

የበዓላቱም ነገር አለ። ፈረንጆች ገናን የሚያከብሩት በታኅሣሥ 16 ነው፤ በዚያ ቀን ሱቆች ክፍት፣ መንገዶችም እንደ ወትሮው ናቸው። የኢትዮጵያ ገና አብዛኛውን ጊዜ በታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት በጥር 11 ሲሆን፣ በነዚህ ቀናት ቢሮ ይዘጋል፣ ሹፌር ይታጣል፣ በከተራና በጥምቀት ዕለትም ታቦታት የሚያልፉባቸው መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የተመዘገበ በዓል ስለሆነ፣ በዚያ ዕለት አዲስ አበባ የተገኘ እንግዳ ከከተማ መውጣት አያስፈልገውም፤ የሚያየው በደጁ ነው። እንደዚሁም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ያለው የነቢያት ጾም በመሆኑ፣ በመንገድ ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ የጾም ምግብ ያዘጋጃሉ። ሥጋ የሚፈልግ እንግዳ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ አትክልት ብቻ የሚበላ እንግዳ ካለ ግን ከዚህ የበለጠ ወራት አያገኝም።

በየአቅጣጫው ያሉት መንገዶች

በደቡብ በኩል በቡታጅራ መንገድ የሚደረገው ጉዞ ለአንድ ቀን የተመደበ ይመስላል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ1963 በሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር ተለይቶ የታወቀ፣ ከ1965 ጀምሮም በፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን መሪነት የተቈፈረ ቦታ ነው። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በየዘመኑ ተደራርቦ የተገኘበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 «መልካ ቁንጡሬና ባልጩት» በሚል ስም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጩት መሣሪያ ይሠራበት የነበረው ጥቍር፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ድንጋይ መሆኑን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ወደ ጐን ሲታጠፍ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለችው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ከዚያም አልፎ በሶዶ ምድር ጢያ አለች፤ በዚያ የቆሙት 36 ድንጋዮች የመቃብር ምልክቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የሰይፍና ሌላ ዐይነት ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ቀደምት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዷ ናት።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ጥሩ ደንብ አለ፤ ሩቁን በጧት፣ ቅርቡን ከሰዓት በኋላ ማየት። በቀጥታ እስከ ጢያ ሄዶ ከዚያ ወደ ከተማ እየተጠጉ አዳዲ ማርያምንና መልካ ቁንጡሬን ማየት ይሻላል። ጎማ ቢፈነዳ ወይም ምሳ ቢዘገይ፣ የሚቀረው ለከተማው የቀረበው ቦታ ስለሚሆን በሌላ ጊዜ በግማሽ ቀን ይደረስበታል። ቅርቡን አስቀድሞ የጀመረ ግን ሩቁን በመሸ ጊዜ ይደርስበታል፤ ወይም ሳያየው ይመለሳል።

በምሥራቅ በኩል ቀድሞ ደብረ ዘይት ይባል የነበረው ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1917 የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ በዚያው በኩል አልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ደግሞ ጉዞውን እጅግ አሳጥሮታል። ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጕድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ በቅርብ ለቅርብ ይገኛሉ። ሆቴሉ ብዙ፣ መንገዱ ደኅና፣ ለልጆችና ለሽማግሌዎችም የሚመች ነው። ከዚያ ማዶ የሚታየው ዝቋላ ግን 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን በጫፉ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኝበታል፤ ለዚያ ብርቱ እግርና ሙሉ ቀን ያስፈልጋል።

በሰሜን በኩል በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ሊባኖስ ይደረሳል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ገዳም ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኰሳቱና ምእመናኑ በመቶዎች የተጨፈጨፉበት በመሆኑም፣ ቦታው ታሪኩን በሚያውቅ ሰው አፍ ካልተነገረ በቀር እንግዳው የሚያየው የሕንፃውን ውበትና የገደሉን ጥልቀት ብቻ ነው። በአቅራቢያው ያለው የድንጋይ ድልድይ «የፖርቱጋል ድልድይ» ተብሎ ይጠራል፤ ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በራስ ዳርጌ ዘመን የተሠራ ነው። ይህን ለይቶ የማያውቅ መሪ የአንድን ኢትዮጵያዊ መስፍን ሥራ ለሌላ አገር ሰዎች ሰጥቶ ያልፋል።

በምዕራብ በኩል ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እንደ ተጠበቀ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን ጥዱንና ጕሬዛውን ይዞ ለግማሽ ቀን ይበቃል። ወንጪ ግን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ የአንድ ቀን ጉዞ የመጨረሻው ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የጉብኝት መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ የአካባቢው ሰዎችም ፈረስ እያከራዩና መንገድ እየመሩ ይጠቀማሉ። ጊዜ ያለው እንግዳ እዚያው ቢያድር ይሻለዋል።

ከመሪ ጋር ወይስ ያለ መሪ?

በዚህ ነገር ነጋዴው ወገን በሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሹፌሩ መንገዱን ያውቃል፤ ለመሪ የሚከፈል ገንዘብ ከንቱ ነው» ይላል። ሌላው እንግዳውን ለሆቴሉ ወይም ለአስጎብኚ ድርጅት አስረክቦ «ኀላፊነቱ የእነሱ ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል። ሁለቱም አሳብ ሲመረመር ጕድለት አለበት። ትክክለኛው ፍርድ በቦታው ጠባይና በእንግዳው ሁኔታ ላይ የሚመሠረት ሲሆን፣ ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል።

አንደኛው፣ የሚታየው ነገር በራሱ ይናገራልን? የቢሾፍቱ ሐይቅ ማንም ሳይገልጸው ያምራል፤ የመናገሻም ደን እንዲሁ። የጢያ ድንጋዮችና የመልካ ቁንጡሬ ቍፋሮ ግን አስተርጓሚ ከሌላቸው ሜዳ ላይ የቆመ ድንጋይና የተቈፈረ ዐፈር ናቸው። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር የመጣ ሰው አራት ሰዓት በመኪና ተንገላቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ቢመለስ፣ በመሪው ዋጋ ቈጠባ የተገኘ ትርፍ የለም። እንዲህ ላለው ቦታ የሙያ ፈቃድ ያለው መሪ ሊታጣ አይገባም።

ሁለተኛው፣ መንገዱና ጸጥታው እንዴት ነው? በክፍያ መንገድ ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ቤተሰብ መሪ አያስፈልገውም። በቅርብ ዓመታት ግን በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በአንዳንድ ቦታዎች በተፈጠረው የጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበትና መንገደኛ የሚጕላላበት ጊዜ መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ምዕራብ ከመነሣት በፊት በዚያው ሳምንት፣ እንዲያውም በዋዜማው መጠየቅ ግዴታ ነው። በዚህ ረገድ ነጋዴው ከማንም የተሻለ የወሬ ምንጭ አለው፤ የጭነት መኪናዎቹ ሹፌሮች በየዕለቱ ከነዚያ መንገዶች ይገባሉ። የእነሱን ቃል ሳይሰሙ እንግዳን መላክ፣ ወይም ችግሩን እያወቁ ገንዘቡ እንዳይቀር ብሎ መሸፈን፣ ከቸልተኝነት የከፋ ጥፋት ነው። መንገዱ አጠራጣሪ ሲሆን ቦታውን መለወጥ ማንንም አያሳፍርም።

ሦስተኛው፣ ሰዎቹ ስንት ናቸው? የኪራይ መኪና ዋጋው አንድ ሰው ቢሳፈርበትም አራት ቢሳፈሩበትም ያው ነው፤ በቡድን የሚደረግ ጉብኝት ግን የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው። ስለዚህ ብቻውን የመጣ ገዢ ከሌሎች ጋር በቡድን ቢሄድ ይረክስለታል። ከዋሽንግተን የመጡ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከሆኑ ግን መኪና ተከራይተው፣ ለሚገለጸው ቦታ ብቻ በዚያው በቦታው መሪ ቢይዙ ይረክስላቸዋል። ልጆቹ አማርኛ የማያውቁ እንደሆነ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ መሪ መያዙ ከገንዘቡ በላይ ዋጋ አለው፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅምና፣ እነዚህ ልጆች አገሩን ካላወቁት ነገ ተመልሰው አይመጡበትም።

በመኪናውም ረገድ አዲስ ነገር አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች በከተማው በዝተዋል፤ ለኪራይም ይቀርባሉ። ለቢሾፍቱ ጉዞ ይበቃሉ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወረደው ከፍታ 400 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በመመለሻ ዳገቱ ከመሄጃው የበለጠ ኀይል ይፈጃል። ቢሾፍቱ ሲደርስ የባትሪውን ግማሽ የጨረሰ ሹፌር ቀሪው ግማሽ ይመልሰኛል ብሎ መተማመን የለበትም። ወደ ጢያና ወደ ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ደርሶ መልሱ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ መሙያ የት እንዳለ ሳይረጋገጥ መነሣት አይገባም። እነዚህን መኪናዎች የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን ለገዢው በግልጽ ቢነግሩት የሚጎዱበት ነገር የለም፤ በመንገድ ላይ የቆመ መኪና ከማናቸውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራልና።

የተሸሸገ ኮሚሽን

ከሁሉ ይልቅ ለንግዱ ስም የሚያሳስበው የተሸሸገ ኮሚሽን ነው። በአንዳንድ ጉዞዎች ላይ ሹፌሩ ወይም መሪው እንግዳውን ሳይጠይቅ ወደ አንድ የዕቃ መሸጫ ቤት ወይም ምግብ ቤት ይወስደዋል፤ ባለ ቤቱም ለወሰደው ሰው ድርሻውን ይሰጣል፤ ያም ድርሻ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨመራል። ይህ የሚደረገው በአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ በየአገሩ አለ። ኮሚሽንም በራሱ ነውር አይደለም፤ ገበያውን ያመጣ ሰው ዋጋውን ማግኘቱ በንግድ ሕግ የታወቀ ነው። ነውሩ መሸሸጉ ነው። እንግዳው ያንኑ ጥልፍ ወይም ያንኑ ጀበና በማግሥቱ በመርካቶ በግማሽ ዋጋ ሲያየው፣ የሚቈጣው በአንዱ ሹፌር ላይ አይደለም፤ ነጋዴውን ሁሉ በአንድ ዐይን ያየዋል። ሐቀኛው ባለ ሱቅም በሌላው ጥፋት ይቀጣል።

መድኀኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ባለ ሱቁ ዋጋውን በዕቃው ላይ ጽፎ ይለጥፍ፤ ለሁሉም ገዢ አንድ ይሁን፤ ደረሰኝ ይስጥ። ዕቃው የት እንደ ተሠራ በእውነት ይናገር፤ ከውጭ የመጣን የፋብሪካ ዕቃ «የአገር እጅ ሥራ» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። አስጎብኚውም የሚቆምባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ያሳውቅ፤ እንግዳው መግዛት ካልፈለገ መኪናው ሳይቆም ይለፍ። ይህን የሚያደርጉ ቤቶች የዕለት ገቢያቸው ለጊዜው ቢያንስ፣ በደንበኛ ብዛት መልሰው እንደሚያገኙት ማናቸውም የቈየ ነጋዴ ያውቃል።

አንድ ገጽ ወረቀት

ሺህ ኩንታል ቡና ያለ ውል የማይልክ ላኪ፣ እንግዳውን ያለ አንዳች ጽሕፈት ለቀን ጉዞ መላኩ የሚያስገርም ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በዚያ ላይ የሚነሡበት ሰዓት በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ፤ የሚታዩት ቦታዎች በቅደም ተከተል ይዘርዘሩ፤ የሚመለሱበትም ሰዓት ይወሰን፤ ይኸውም ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ከተማ የሚያስገባ ይሁን። ዋጋው ምን ምን እንደሚይዝ ይገለጽ፤ ነዳጁ፣ የክፍያ መንገዱ፣ የመግቢያው፣ የመሪው፣ የሹፌሩ ምሳና ውሃው ውስጡ ነው ወይስ ለብቻ ነው? ቀብድ የተከፈለ እንደሆነ፣ በመንገድ መዘጋት ምክንያት ጉዞው ቢቀር ይመለሳልን? የውጭ ምንዛሬ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ የሚወሰን ስለሆነ፣ ዋጋው በብር ከነቀኑ ቢጻፍ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል።

ያለ መሪ የሚሄድ እንግዳም ይኸው ወረቀት ያስፈልገዋል፤ እንዲያውም ከሌላው ይልቅ። የሹፌሩና የአስተናጋጁ ስልክ ይጻፍለት። ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ሲገባ ጫማ እንደሚያወልቅ፣ ሴቶች ራሳቸውን እንደሚሸፍኑ፣ ሳያስፈቅዱ ሰውን ፎቶ ግራፍ ማንሣት እንደማይገባ ይነገረው። ዝርዝር ብር ይያዝ፤ በገጠር የመቶ ዶላር ኖት የሚዘረዝርለት አያገኝም። ውሃና ቀላል ስንቅ በመኪናው ይኑር፤ በተለይ ወደ ጢያ በሚወስደው መንገድ፣ የምሳውን ነገር ለአጋጣሚ መተው አይገባም።

በየመንገዱ ዳር ያሉት ባለ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በዚህ ወራት የሚያልፈውን መንገደኛ ለማስቆም የሚያስፈልጋቸው ታላቅ ሕንፃ አይደለም። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ውሃና ሳሙና፣ በግልጽ የተጻፈ የምግብ ዋጋ፣ በቅጡ የተፈላ ቡና ይበቃል። መንገደኛው ከነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ያንን ንጹሕ አድርጎ የያዘ ቤት ቡናውንም ምሳውንም ይሸጣል።

በመጨረሻ ደግሞ ሊዘነጋ የማይገባው፣ እነዚህን ቦታዎች ከሚያስጎበኙት ነጋዴዎች መካከል ራሳቸው ያላዩአቸው ብዙዎች መሆናቸው ነው። በመርካቶና በፒያሳ ዕድሜውን ሙሉ የነገደ፣ ጢያንም መልካ ቁንጡሬንም ያላየ ሰው አይታጣም። ሱቁን በእሑድ ዘግቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ፣ በዚህ በጋ አንዱን መንገድ በራሱ ገንዘብ የሄደበት ነጋዴ፣ የት እንደሚዘገይ፣ የት እንደሚበላ፣ ማን በሐቅ እንደሚያስተናግድ በራሱ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ለእንግዳው የሚሰጠው ምክር ከወሬ የተለቀመ ሳይሆን በራሱ የተረጋገጠ ይሆናል፤ ደንበኛውም ምክሩን ከነገረው ሰው ጋር አብሮ ያምነዋል። ስለዚህ የበጋው እሑዶች ሳያልቁ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ቢያንስ አንዱን መንገድ ራሱ ሄዶ ይመርምር፤ አንዲቷንም ገጽ ወረቀት አዘጋጅቶ በጠረጴዛው መሳቢያ ያኑር። ከባሕር ማዶ «በክረምት እመጣለሁ» የሚለው ደብዳቤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደርስ፣ መልሱ የሚጻፈው ከዚያ ወረቀት ላይ ይሆናል።